የምሰሶው ድርሻ

የንጉሡ ግቢ ወደ እንጦጦ የዞረ ጊዜ አንኮበር የሰርግ ማግስት ቤት መሰለች። ትናንት ደጅ ጠኚው፣ ጠጅ ጣዩ፣ ፈረስ ባልደራሱ ሲርመሰመስባት የኖረችው ተራራ በአንድ ክረምት ባዶ ቤት በዛባት። ቤቱን አንጠልጥሎ መሄድ የማይችል ሁሉ በተገኘው ለውጦ ወረደ። ንጋቷም ቤት የገዛችው ያን ጊዜ ነው።

ንጋቷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር፣ ጥርጣሬ የማይለቃት ሴት ናት። ገበያ ወጥታ አንዲት ቅል ስትገዛ እንኳ ከጆሮዋ አስጠግታ ሳታንኳኳ አትወስድም። ቤቱን ግን አላንኳኳችም። ሰው በትንሽ በትንሹ ሲጠነቀቅ ይከርምና በትልቁ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይገባል። የባሏን በቅሎ ሰጠች፣ የእጅና የአንገት ጌጧን ሰጠች፣ የቀራት የለበሰችው ብቻ ሆነ። ቤቱ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አፋፉ ላይ የተሠራ ሰፊ ክብ ቤት ነው። ከቆላ ጥጥና በርበሬ ይዘው የሚወጡ ነጋዴዎች ማደሪያ ይፈልጋሉና ግማሹን ለእነሱ ታከራያለች፣ ግማሹን ትኖርበታለች። እርጅናዋን ይሄ ቤት ይጦራታል። ሐሳቧ ይሄ ነበር፤ መጥፎ ሐሳብም አልነበረም።

ቤቱን የሸጡላት ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ የሚባሉ፣ በግቢ ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ ባልቴት ናቸው። ዕቃቸው ተጭኖ፣ በቅሏቸው ደጅ እየጠበቀች፣ ንጋቷን በእጇ ይዘው ወደ ቤቱ መሐል አስገቧት። ምሰሶው ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው ጥድ ነው። እስከ ሰው ወገብ ድረስ ቅቤ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ከሥሩ ደግሞ በአዲስ ጭቃ ተለስኗል።

“ልጄ፣ ይሄ ቤት ባለቤት አለው” አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ከተጠመቀ ጠላ መጀመሪያው የሱ ነው። ከተነጠረ ቅቤም እንዲሁ። አርብ አርብ አንድ ዋንጫ ከሥሩ አፍሺለት። እኔን ይኸው በሰላም አኑሮኛል። ብትረሺው ግን...”

አልጨረሱትም። ያልተጨረሰ ነገር ደግሞ ከተጨረሰው ይልቅ ያስፈራል። በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሲሄዱ ንጋቷ ከደጃፉ ቆማ እስከ መታጠፊያው ሸኘቻቸው፤ ወደ ቤቷ ለመግባት ግን ትንሽ ቆየች።

እሑድ ቅዳሴ ታስቀድሳለች፣ አርብ ለምሰሶው ታፈስሳለች። የንስሐ አባቷ ቢሰሙ እንደሚቆጡ ታውቃለች። ግን የንስሐ አባት ቢቆጡ ቢበዛ ስግደት ያዝዛሉ፤ ቆሌ ሲቆጣ የሚያዝዘውን ማን ያውቃል? እንዲህ ስትል ለሁለቱም ስትገብር ከረመች። ሸሪፍ የሚባል የአልዩ አምባ ጥጥ ነጋዴም ግማሹን ቤት ተከራይቶ ጭነቱን አስገባ። ኪራዩን በጥጥ ይከፍላታል፣ እሷም ትፈትለዋለች። ነገሩ ሁሉ እንዳሰበችው ሆነላት።

ሐምሌ ገባ። የአንኮበር ሐምሌ ጉም ነው፤ ከደጃፍ ቆሞ የገዛ አጥርን አያሳይም። አንድ ቀን በሩ አልዘጋ አለ። በትከሻዋ ብትገፋው፣ በእግሯ ብትመታው፣ ከላይ በኩል ነክሶ ቀረ። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ይሆናል አለች። በሳምንቱ ከበሩ ጉበን በላይ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ መጀመሪያ ፀጉር የምታህል፣ ኋላ ጣት የምታስገባ። በጭቃ ደፈነችው፤ ተመልሶ ተከፈተ። ከዚያ ድምፅ መጣ። ሁሉም ዝም ባለበት ሰዓት ከጣሪያው ውስጥ “ቀጭ” ይላል፤ ዝም ይላል፤ ሰው ረሳሁት ሲል ደግሞ “ቀጭ”።

ከሁሉ የባሰው ግን ጠላው ነበር። በፊት ከምሰሶው ሥር የምታፈስሰው ጠላ እንደ ኩሬ ተኝቶ ቆይቶ ነበር ቀስ እያለ የሚሰርገው። አሁን ገና ዋንጫውን ሳትጨርስ ጠፋ። ጎንበስ ብላ አየች፤ አንዲት ጠብታ የለም።

“ጠጣው” አለች ንጋቷ።

የተጠማ ቆሌ ምን እንደሚያደርግ ጎረቤት ሁሉ ያወራል፤ መጀመሪያ ቤቱን ያንኳኳል፣ ከዚያ ከቤቱ ደካማውን ይወስዳል ይላሉ። ንጋቷ አርብ አርብ የነበረውን በየቀኑ አደረገችው። አንዱን ዋንጫ ሁለት አለችው። ሸሪፍ ከገበያ ያመጣላትን ቅቤ ራሷ ሳትቀባ ለምሰሶው ቀባች። ባፈሰሰች ቁጥር ጠላው ይጠፋል፣ በጠፋ ቁጥር ይበልጥ ትፈራለች፣ በፈራች ቁጥር ታፈስሳለች። ድምፁ ግን በረታ እንጂ አልቀነሰም።

በዚህ መሐል ልጇ መነን ከጫጫ መጣች። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነውና የሚወለደው፣ የባሏ ወንድሞች በቃሬዛ ተሸክመው በዝናብ አደረሷት። ብዙም ሳትቆይ ወንድ ልጅ ተገላገለች። አዋላጇ መኝታዋን ለምድጃው እንዲቀርብ ብላ ከምሰሶው አጠገብ ካለው መደብ ላይ አነጠፈችላት፣ ከትራሷ ሥር ቢላዋ አስገባችላት፣ ስትወጣም አስጠነቀቀች፦ “ክርስትና ሳይነሣ ይቺን ደጃፍ እንዳትሻገር። አራስን ውጭ የሚጠብቃት ብዙ ነው።”

ንጋቷ የልጅ ልጇን አቅፋ ደስታዋን ልትጀምር ስትል ከላይ “ቀጭ” አለ። ከቤቱ ደካማው አሁን ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለጋትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጇ ዓይኗን ስትከድን ጠብቃ፣ እንስራውን አዘንብላ ታፈስሳለች፤ “የልጄን ተውልኝ፤ እኔ አለሁልህ” እያለች።

አንድ ማለዳ ሸሪፍ ከጭነቱ በኩል ጠራት።

“እትዬ ንጋቷ፣ ይምጡና ይዩ። ጥጤ ላይ አፈር ይረግፋል። በሩም ዛሬ ጭራሽ አልንቀሳቀስ ብሏል። ወላሂ እኔ በዚህ ቤት እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትሁ።”

“የክረምት ነገር ነው” አለች ንጋቷ።

“ይሁን። ግን አናጢ ይጥሩ። አላህ ይጠብቀን፣ አራስ ተኝታለች።”

አናጢው ብርሃነ መስቀል መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ፣ በዝናቡ እየተማረረ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ በአንኮበር ካሉት ቤቶች ግማሹን እሱ ነው ያቆመው ይባላል፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ሌሎች አበላሹት ይላል እሱ። በሩን ያያል ብላ ስትጠብቅ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ወራጆቹን በዓይኑ ተከትሎ ዞረ፤ ስንጥቁን በጣቱ ለካ።

“በሩ ምንም አልሆነ” አላት። “ቤቱ ነው በሩ ላይ የተቀመጠበት። ምሰሶውን ልየው።”

ቀረበ። ቅቤውን አየና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ አማተበ።

“ይሄማ ባለቤት ያለው ነው። አልነካውም።”

“አያ ብርሃነ መስቀል፣ በሞቴ። አናጢ አይደሉም እንዴ?”

“አናጢ ነኝ። የልጆች አባትም ነኝ። አንቺ እመቤቱ ነሽ፣ አንቺን ያውቅሻል። በእጅሽ ልስኑን ፋቂው፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አያለሁ።” ይህን ብሎ ከበሩ ላይ ቆመ፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ።

ንጋቷ የምትፍቅበት ነገር ስትፈልግ ከመነን ትራስ ሥር ያለው ቢላዋ ታያት።

“ቢላዬን?” አለች መነን ልጇን ወደ ደረቷ እያስጠጋች።

“አሁኑኑ እመልስልሻለሁ።”

ተንበርክካ ልስኑን ነካች። “አባቴ ይቅር በለኝ፣ ለክፋት አይደለም” እያለች ቧጠጠች። ጭቃው ቁራሽ ቁራሽ እያለ ወደቀ፤ የኮመጠጠ የአተላ ሽታ ፊቷን መታት። ቢላዋውን ወደ እንጨቱ ብትሰድደው እስከ እጀታው ገባ። ስታወጣው እንጨቱ እንደ ረጠበ ዳቦ ተከትሎ ፈረሰ። እጇን ሰደደች። እስከ ክርኗ፣ እስከ ትከሻዋ ገባ። ጣቶቿ በወዲያኛው ጎን በኩል ብቅ ሲሉ መነን ከመደቧ ላይ አየቻቸው።

ሁለት ሰው የሚያቅፈው ምሰሶ መሬት አልነካም። ሥሩ አልቆ፣ በአንድ ጎኑ በቀረች ስስ ልጣጭ ላይ ነው ያለው። ጣሪያውን ተሸክሟል የተባለውን ምሰሶ ጣሪያው ነበር የተሸከመው።

ብርሃነ መስቀል ከበሩ ላይ ሆኖ በለሆሳስ ጠየቀ፦ “ስንት ዘመን ጠጣ?”

ለንጋቷ ጠላው የት ይሄድ እንደነበር ገብቷታል። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያፈሰሱትን፣ በአዲስ ጭቃ ሸፍነው የሄዱትን፣ እሷ ደግሞ ከልጇ ራስጌ በየቀኑ ያፈሰሰችውን አስበች። ልጇን ለማዳን ብላ ልጇ ላይ ጣሪያ ስታወርድ ነው የከረመችው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የፈሩትን በገዛ እጅ እያጠጡ ማሳደግ ግን ከዚያም ይብሳል።

“ቀጭ” አለ ከላይ። የአሁኑ ረዘመ። አፈር ወርዶ በሕፃኑ ግንባር ላይ ተበተነ።

“ሰው ይውጣ” አለ ብርሃነ መስቀል። “መጀመሪያ ሰው ይውጣ።”

መነን መደቧን በሁለት እጇ ያዘች። “እማዬ፣ አራስ ነኝ። ክርስትና አልተነሣም። አዋላጇ ያለችውን ሰምተሻል።”

ንጋቷ ወደ ውጭ አየች፤ ጉሙ ከደጃፉ ላይ ቆሟል፣ በውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። የምታምነው ነገር ሁሉ አትውጪ ይላታል። ቢሆንም ጥርጣሬዋ፣ ቅል ሳታንኳኳ እንዳትገዛ ያደረጋት ያ ጥርጣሬዋ፣ በስንት ጊዜው ዛሬ ጠቀማት።

“ውጭ ያለው ምናልባት ነው” አለች። “ላይ ያለው ግን ጣሪያ ነው። ተነሺ።”

ሕፃኑን በጋቢ ጠቀለለችው። ቢላዋውን አብሳ ለመነን መለሰችላት። ሸሪፍ የጭነቱን ቆዳ ገፈፈና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በሁለት እጁ ከራሳቸው በላይ ዘረጋላቸው፤ አራስን ላለማየት ወደ ጎን እየተራመደ በጓሮ እስካለው የማገዶ ጎጆ አደረሳቸው። ደጃፉን ሲሻገሩ ንጋቷ ትንፋሿን ይዛ ነበር። ምንም አልመጣም። ወይም መጥቶ ከሆነ ዝናቡን ፈርቶ ተመልሷል።

ብርሃነ መስቀል ጎረቤት ጠራ። ባላ እንጨት የያዘ ሁሉ ሮጦ መጣ። ነገሩ የዚያ ቤት ምሰሶ መሆኑን ሲሰሙ ግን ከአጥሩ ላይ ቆሙ። አንዱን ወገቡን አመመው። ሌላው በግ የጠፋበት አሁን ትዝ አለው። ንጋቷ ጥቂት አየቻቸውና ከአንዱ እጅ ባላውን ነጥቃ ብቻዋን ገባች። ከዚያ ጣሪያ ሥር ቆማ ባላውን ከወራጅ ጋር ልታገጥም ስትታገል፣ እንጨቱ ከእጇ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። ሦስተኛውን ሌላ እጅ ያዘላት።

“ቢስሚላሂ” አለ ሸሪፍ፤ ገፍቶ አገጠመው።

“ሴትና ነጋዴ ገብተው እኛ አጥር እንጠብቃለን እንዴ?” አለ ከውጭ አንዱ፤ እፍረት ከፍርሃት በለጠና ገቡ። ብርሃነ መስቀልም ሁለተኛ እግሩን አስገባ። ዙሪያውን በባላ ደገፉት፣ ከየባላው ሥር ድንጋይ አስገቡ፣ አራት ሰው ምሰሶውን በጠፍር ያዘ። መጥረቢያ አላስፈለገም፤ ሲስቡት እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ወደቀ።

ጣሪያው አቃሰተ። ስንዝር ያህል ዝቅ አለ። ሁሉም ባለበት ደረቀ። ንጋቷ ባላዋን አቅፋ ዓይኗን ጨፍና ሚካኤልን ጠራች። ሚካኤልን ጠርታ ስትጨርስም፣ ለጥንቃቄ፣ ያንኛውን ጠራች። ማቃሰቱ ቆመ። ባላዎቹ ያዙ።

ብርሃነ መስቀል ከደጁ ያቆየውን ደረቅ የጥድ ግንድ አስመጣ። እግሩን በእሳት ለብልቦ አጠቆረው፣ ከጉድጓዱ ሰፊ ድንጋይ አነጠፈ፣ ጣሪያውን በባላዎቹ እያስነሣ ምሰሶውን ከሥሩ አቆመው። በቡጢው ሲመታው ደረቅ ድምፅ ሰጠ።

“ይሄ ውኃ እንኳ አይወድም” አላት። “ጠላ እንዳታሳዪው።” የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

መነን ወደ መደቧ ተመለሰች። ንጋቷ የጠላውን እንስራ ከቤት አውጥታ ጎረቤት አስቀመጠች። በሩን ግን አልዘጋችም፣ ሸሪፍም እንዳይዘጋ ለመነችው፤ አንድ ነገር ቢመጣ መሮጫ ይሁን ብላ ገርበብ እንዳለ ተወችው። አርብ ሲደርስ ሳታፈስስ ዋለች። ቀኑን ሙሉ ቀጭ ያለው ድምፅ ሁሉ እያስበረገጋት፣ ሕፃኑ ባስነጠሰ ቁጥር እየሮጠች ግንባሩን እየዳሰሰች ዋለች። ምንም አልሆነም።

ቅዳሜ ጠዋት ቤት ስትጠርግ የአዲሱ ምሰሶ ሥር ርሶ አገኘችው።

መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ቀና አለች፤ ክዳኑ አያፈስስም። እንስራው ቤት ውስጥ የለም። ሸሪፍ ከጭነቱ ሥፍራ አያልፍም። ትናንት የነፈገችው እሱ፣ ራሱ መጥቶ፣ ድርሻውን ራሱ ቀድቷል ማለት ነው። ጆሮዋ ጮኸ፤ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ግን መጠራጠር የለመደ ሰው ነውና ተንበርክካ ጣቷን ነክራ አሸተተች።

ተልባ ነው።

ቀስ ብላ ዞረች። መነን የአራስ ተልባዋ የነበረበትን ዋንጫ ባዶውን ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

“አንቺ ነሽ?”

“ፈርቼ ነው እማዬ። ለሱ ነው።” ልጇን በአገጯ አመለከተች። “አንቺ እኮ ስታፈሺ አየሁሽ። የተኛሁ መስሎሽ ነበር። የልጄን ተውልኝ ስትዪው ሰማሁ። እናቴ ያለችውን እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ?”

ንጋቷ ልትቆጣ አስባ ነበር፤ የምትቆጣው አጣች። በመነን ፊት ላይ ያለው ፍርሃት የራሷ ነው፤ ያ የነጣ ከንፈር የሷ ነው። ምሰሶውን በአንድ ቀን ነቅለው ተክተውታል፤ ይሄን ግን የትኛው አናጢ ይነቅለዋል?

በነጠላዋ ጫፍ እርጥበቱን አደረቀች። ከምድጃው ደረቅ አመድ አምጥታ ነሰነሰች። ከዚያ አጎዛውን ከመደቡ ሳበች፣ ከምሰሶው ሥር አነጠፈች፣ ሕፃኑን ከመነን እጅ ተቀብላ እዚያ ላይ አስተኛችው።

መነን ከመደቧ ተነሣች። “እዚያ? እማዬ፣ ቢቆጣስ?”

“ይቆጣ” አለች ንጋቷ። “ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የሚተኛው ልጅሽ ነው። ማፍሰስ ካማረሽ በላዩ ላይ አፍሺ።”

መነን ዋንጫውን አስቀመጠች። ንጋቷ ጀርባዋን ለምሰሶው ሰጥታ ተቀመጠች፣ እጇን በሕፃኑ ደረት ላይ አደረገች።

ሸሪፍ ወደ ገበያ ሲወጣ ልማድ ሆኖበት ልመናዋን ረሳና በሩን ከኋላው ሳበው። በሩ ገጠመ። ከሐምሌ ወዲህ ተዘግቶ ስለማያውቅ ድምፁ ሁለቱንም ሴቶች አስደነገጣቸው። ልጁ ግን አልነቃም።